በጎረቤት ቀብር የቀረ ባህር

«በርካሽ ይብረሩ» የሚል ማስታወቂያ ስልኬ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር እስከ ዛሬ ድረስ ደሜ ይፈላል። ስልኩን ከግድግዳ ጋር ላላትመው ምንም አይቀረኝም። የማላላትመው እንጀራዬ እሱ ስለሆነ ብቻ ነው። መቱ ውስጥ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንዲት ክፍል ሱቅ አለችኝ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ የፓስፖርት ቅጽ እሞላለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ከጊዜ በኋላ ደግሞ የአውሮፕላን ትኬት መቁረጥ ጀመርኩ። ማስታወቂያውን የሚልከው አየር መንገድ ወደ አገራችን ሲገባ በደስታ ካጨበጨቡለት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ በሁለት እጄ አጨብጭቤለታለሁ።

ስሙን አልጠራም፣ አፌም አይሞላም። የውጭ አገር ነው፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ሥራው ሰውን ለመዝናናት ወደ ባህር ዳርቻ ማመላለስ ነው። የክፍለ ሀገር ትኬት ቆራጮችን አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ሰበሰበንና ቁርስ አበላን። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ከኢሉባቦር ስለው ዓይኑን አፍጥጦ፣ «እዚያም የአውሮፕላን ትኬት ይቆረጣል እንዴ?» አለ። «ኧረ አይቆረጥም፣ እኛ ከዛፍ ዛፍ እየዘለልን ነው የምንሄደው» አልኩት። እስከ ምሳ ድረስ አላናገረኝም።

መድረኩ ላይ የወጣው ሱፍ የለበሰ፣ ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ ወጣት ነበር። ግድግዳው ላይ ካርታ አበራና ከአዲስ አበባ ወደ ባህሩ የሚወርዱ ቀያይ መስመሮችን አሳየን። «እኛ የምናድገው ለሥራ በሚሄድ ሰው አይደለም» አለ። «እሱ ድሮም ይሄዳል። የምናድገው መሄድ አስቦ በማያውቅ ሰው ነው። መምህሩ፣ ነርሷ፣ ጡረተኛዋ። እናንተ ዋጋውን ብቻ አሳዩዋቸው፣ ምኞቱ በራሱ ጊዜ ይመጣል።» ዋጋው እንዴት እንደዚህ ሊወርድ እንደቻለም ነገረን። ቢሮ የለም። መስኮት የለም። ቀን መቀየር የለም፣ ገንዘብ መመለስም የለም። «ከትኬቱ ጀርባ ሰው የለም፤ ሰው ወጪ ነው» አለና ፈገግ አለ። ከዚያ አንዱ ስለቀረ ተሳፋሪ ጠየቀው። «የተከፈለበት ባዶ ወንበርን የሚያህል ተሳፋሪ የት ይገኛል? አይበላ፣ አይከብድ፣ አያማርር!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ ያውም ጮክ ብዬ።

መጨረሻ ላይ አንድ ሌላ ነገር ተናግሮ ነበር፤ እሱን ግን ያኔ ልብ አላልኩትም። አንድ መስመር በአንድ የጉዞ ወቅት ውስጥ ካላደገ ይሰረዛል አለ። እኔ ሐሳቤ ሁሉ «ጡረተኛዋ» ያላት ላይ ቀርቶ ነበር። አንዲት ጡረተኛ አውቃለሁና።

ጎሬ የሚኖሩ፣ ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። ክፍል ውስጥ «ቲቸር» እንላቸው ነበር፤ ካደግኩ በኋላ ግን «እትዬ» ነው የምላቸው። ባል የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፤ ልጆቻቸው እኛው ነን። ማዕበልን የሚያስተምሩን ሳፋ ሙሉ ውሃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው እሱን እያንቀጠቀጡ ነበር። ከፊት የተቀመጠው ሁሉ ይረጥባል። አንድ ጊዜ ሶር ፏፏቴ ወስደውን፣ ያ ሁሉ ውሃ ወደ ገደሉ እየተወረወረ፣ እጃቸውን ወደ ምዕራብ ዘርግተው፣ «ይሄ ውሃ ገባ የሚባለው ወንዝ ውስጥ ይገባል፣ ከእሱ ባሮ፣ ከባሮ ነጭ ዓባይ፣ ከዚያ ሜዲትራኒያን ባህር። ፓስፖርት የሚጠይቀው የለም» አሉን። አንዱ ቀበጥ «ቲቸር፣ እርስዎ ባህር አይተው ያውቃሉ?» አላቸው። እሳቸው «መጽሐፉን የጻፈው ሰው አይቶታል፤ ይበቃል» አሉና ወደ መኪናው መለሱን።

እኔ ከአዲስ አበባ በተመለስኩበት ሰሞን እትዬ ለዓይናቸው ጅማ ሄደው ነበር። ሐኪሙ ሳያድበሰብስ ነገራቸው። የዓይን ግፊት ነው፤ ብርሃኑ ከዳር ከዳር እየጠበበ ይሄዳል፣ ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። ቢበዛ ዓመት፣ ዓመት ተኩል። ይሄንን ሱቄ መጥተው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው ሲነግሩኝ አላለቀሱም። «እንግዲህ ማል ጎና» አሉ። ምን እናድርግ ማለታቸው ነው፤ ሲቸግራቸው ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። እኔ ግን የምናደርገውን አውቄ ነበር። ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞርኩና የዛንዚባርን መስመር አሳየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው ዋጋውን አነበቡ። ደግመው አነበቡ። «ይሄ እኮ በእኔ ጡረታ የሚሆን ነው» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

መድረኩ ላይ የነበረው ልጅ እንዳለው ምኞቱ በራሱ ጊዜ መጣ ማለት ነው። የእሳቸው ምኞት ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከተሰበሰብነው ሁሉ ዕድሜ ይበልጥ ነበር፤ ይሄንን ነው ያ ሱፍ ለባሽ የማያውቀው።

ጅማ አብረን ሄደን ፓስፖርት አወጣን። ትኬቱን ቆረጥኩላቸው፣ ቪዛውንም በኢንተርኔት ጨረስኩላቸው። ቡድን ይዞ የሚወስድ አስጎብኚ አገኘሁላቸው፤ እኔ እስከ አዲስ አበባ ልሸኛቸው፣ ከዚያ በኋላ እሱ ሊረከባቸው ተስማማን። ጎሬ በሙሉ ወሬው ይሄው ሆነ። ያስተማሯቸው ሁሉ ከየቢሮው እየወጡ «እትዬ፣ ባህሩን ሰላም በሉልን!» ይሏቸዋል። እሳቸው የዋና ልብስ አይገዙም፤ ግን ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ለመግባት የፕላስቲክ ጫማ ገዙ። አድርገውት እቤት ውስጥ ሲዞሩ አይቻለሁ።

ጉዞው ዓርብ ከሰዓት ነበር። ሐሙስ ንጋት ላይ ከመቱ አውቶቡስ ልንይዝ፣ እሳቸው ረቡዕ ከሰዓት በሚኒባስ ወርደው እኔ ጋ ሊያድሩ ተቀጣጥረናል። ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። «ጎረቤቴ አርፋለች።»

«የትኛዋ? ያቺ የቦዩ ሴትዮ?»

«አፍሽን ያዢ! ሰው ሞቶ!»

የቦዩን ነገር መናገር አለብኝ። እኛ አገር ዝናብ ሲወርድ ወራት ይቆጥራል። የእትዬን ግቢና የሟችን ግቢ የሚለይ አንድ የውሃ መውረጃ ቦይ አለ፤ ሴትየዋ ቦዩን ወደ እትዬ ጓሮ አዙራባቸው የጎመን መደባቸውን ሙልጭ አድርጎ ወሰደው። ቀበሌ ተካሰሱ። ሽማግሌ ገባ። አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች በአንድ አጥር እየኖሩ ለዓመታት ሰላም አልተባባሉም። ታዲያ አሁን ጉዞው የሚቀረው ለዚህች ሴትዮ ነው?

«ነፍስ ይማር» አልኩ። «ሐሙስ አስቀብረው ይምጡ እንዳልል ከንጋቱ በኋላ አውቶቡስ የለም። ሬሳው ዛሬ አይቀበርም?»

«ሴት ልጇ ከጋምቤላ እየመጣች ነው። ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«እንግዲያው ዛሬ ልቅሶ ይድረሱና ይምጡ። ሲመለሱ ደግሞ ይቀመጣሉ። ስንት ሰው እንዲህ ያደርጋል!»

የመለሱልኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ስሚኝ። ወዳጄ ብትሆን ኖሮ እሄድ ነበር። የወዳጅ ቤተሰብ ይገባዋል። እሷ ግን የተኳረፍኳት ናት። የተኳረፍኳት ሴት ሬሳ አጥሬ ሥር ተቀምጦ እኔ ባህር ልዝናና ሄድኩ? ለልጇ ምን ብዬ ነው የምነግራት? ዕድሜ ልኳን ‹እናቴ ስትሞት ደስ ብሏት ሄደች› ትላለች።»

በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ያላልኩት የለም። ዓይንዎስ አልኳቸው። «ዓይኔ እስከ ሌላ ቀን ያደርሰኛል» አሉና ዘጉት። ስልኩን ይዤ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ፤ ፎቶ ኮፒ ሊያነሳ የገባ ሰው ደንግጦ ወጣ።

ያን ዕለት በሚኒባስ ጎሬ ወጣሁ። ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እትዬ ከፊት ተቀምጠዋል። የእድሩ ሊቀመንበር ጠራኝ። የቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ በእጃቸው የተጻፈ ደብዳቤ እንደ ስዕል ያምራል። «ምን ያስጨንቅሻል?» አሉኝ። «የእድር ደብዳቤ እንጽፍላቸዋለን።»

ወዲያው ልቤ ተረጋጋ። ልብ በሉ፣ ሞኝነታችን እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር የእድር ደብዳቤ የማይከፍተው በር የለም። መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያሰጣል፣ ትምህርት ቤት ፈተና ያሻግራል፣ ዳኛ ቀጠሮ ይለውጥበታል። ሰው ሞቶ ነው የቀረሁት ካልክና ማህተሙን ካሳየህ የሚከራከርህ የለም፤ የሚከራከርህማ ሰው አይባልም። እናም ማንም፣ እኔ ጭምር፣ አውሮፕላን ሌላ ነገር ነው ብሎ አልጠረጠረም። ሊቀመንበሩ በኦሮምኛ ጻፉት፣ በአማርኛ ጻፉት፤ እንግሊዝኛውን እኔ ጻፍኩት። «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። እህታችን በጎረቤታቸው ሞት ምክንያት መሄድ ስላልቻሉ በሌላ ቀን እንዲሄዱ በትህትና እንጠይቃለን ይላል። ሦስቱም ላይ ክቡ ማህተም አረፈ። እንግሊዝኛው ላይ ማህተሙ ደበዝ ስላለ ሊቀመንበሩ ደግመው መቱበት። «እነሱ ማህተም ይወዳሉ» አሉ።

ደብዳቤውን ፎቶ አንስቼ በአየር መንገዱ መተግበሪያ ላኩት። ወዲያው መልስ መጣ። «ሰላም! ዛሬ ምን ልርዳዎት? ለሻንጣ አንድን፣ ለመቀመጫ ምርጫ ሁለትን ይጫኑ» ይላል። ጎረቤት ሞቶ ነው ብዬ ጻፍኩ። «ስለ ጥያቄዎ እናመሰግናለን» አለ። ሰው አገናኙኝ ብዬ ጻፍኩ። «ለሻንጣ አንድን» አለ። ከዚያ በኋላ የጻፍኩትን እዚህ መድገም አልችልም፤ እናቴ ብትሰማኝ አፌን በሚጥሚጣ ታጥበው ነበር። «ስለረዳንዎ ደስ ብሎናል፤ አገልግሎታችንን ከአምስት ኮከብ ስንት ይሰጡታል?» አለኝ።

እሺ፣ ማሽን ነው፣ ሰው ዘንድ እሄዳለሁ አልኩ። ሐሙስ ንጋት ላይ እትዬ ሊሄዱበት በነበረው አውቶቡስ እኔ ሄድኩ። ዓርብ ቦሌ ደረስኩ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ደብዳቤውን አይቶ የእናቴ ሞት መስሎት አዝኖ አስገባኝ፤ እኔም አላረምኩትም። የዚያ አየር መንገድ ስም የበራበት መስኮት ጋ አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ሻንጣ ይመዝናል። ደብዳቤውን በሁለት እጄ ሰጠሁት። የሚገርመው፣ አነበበው። ከላይ እስከ ታች። ቀና ብሎ «ነፍስ ይማር» አለኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ደረስኩ አልኩ በልቤ።

«ግን ይሄን ምን ላድርገው?» አለኝ።

«ለአለቆችህ ስጥልኝ። ቀኑን ብቻ ያሸጋግሩላቸው።»

«እኅቴ፣ እኛ የኮንትራት ሠራተኞች ነን። ሻንጣ ነው የምንመዝነው። አለቆቹን እኔም አይቻቸው አላውቅም።»

«ቢሯቸው የት ነው?»

«ቢሮ የላቸውም።»

እንደሌላቸው አውቃለሁ! ነግረውኛል እኮ! ቁርስ እያበሉ ነግረውኛል፣ ከትኬቱ ጀርባ ሰው የለም ብለውኛል፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። መስኮቱን በጥፊ መታሁት። የሰውየው ጥፋት እንዳልሆነ እያወቅሁ መታሁት፤ ሌላ የምመታው ነገር አጣሁ። ሁለት ጥበቃዎች በትህትና ክንዴን ይዘው አወጡኝ። ውጭ ቆሜ ያ አውሮፕላን ሲነሳ አየሁት። የማይበላ፣ የማይከብድ፣ የማያማርር ተሳፋሪ ይዞ ሄደ። ለዚህ ነበር የሳቅኩት።

ጎሬ ስመለስ ሊቀመንበሩ ሊያምኑኝ አልቻሉም። «ማህተሙ በደንብ አልታያቸውም ይሆናል» አሉ። ለዋናው መሥሪያ ቤት ሌላ ደብዳቤ እንጻፍ ብለው ወረቀት አወጡና አድራሻውን ጠየቁኝ። አድራሻ የለውም ስላቸው ብዕራቸውን አስቀምጠው ወረቀቱን አጠፉት። እትዬ ግን፣ «ይሁን፤ ክረምቱ ሲወጣ እሄዳለሁ» አሉ። እንደገና ጡረታቸውን ማጠራቀም ጀመሩ።

ክረምቱ ሳይወጣ መልእክት መጣ። የዛንዚባር መስመር ለጊዜው ተቋርጧል። ምክንያት የለ፣ ይቅርታ የለ። በአንድ የጉዞ ወቅት አላደገማ! የሌሎቹ አየር መንገዶች ዋጋ በመምህር ጡረታ የሚሞከር አልነበረም። እኔ ልሙላ አልኩ፤ «ልጆችሽን አስተምሪበት» ብለው ተቆጡኝ። ተማሪዎቻቸውን ላስተባብር አልኩ፤ ያን ቢሰሙ ከዚያ በኋላ እንደማያናግሩኝ ማሉ። ሐኪሙ ያለው ጊዜም አልጠበቀንም። መጀመሪያ ደረጃው ጠፋባቸው፣ ቀጥሎ የሰው ፊት፣ ቀጥሎ በሩ ላይ የቆመው ሰው ራሱ። ዓመት ሳይሞላ ብርሃኑ አለቀ።

ይሄን ጊዜ ጎሬ ሌላ ታሪክ እየተነገረ ነበር። የሟች ልጅ ወደ ጋምቤላ አልተመለሰችም፤ እናቷ ቤት ገባች። ልቅሶው ላይ እትዬ ሁሉን ትተው እንደተቀመጡላት ሰምታለችና ውለታውን አልረሳችም። ቦዩን በራሷ ወጪ ወደ መንገዱ አዞረችው። ውሃ ትቀዳላቸዋለች፣ ቤተ ክርስቲያን እጃቸውን ይዛ ትወስዳቸዋለች። ከተማው ይሄን ሲያወራ አይጠግብም። እድሩ ስብሰባ ጠርቶ ጋቢ ሸለማቸው። ታሪኩ ስብከት ላይም ተነሳ። «አያችሁ፣ ባህሩን ቢያጡ ልጅ አገኙ» ይላሉ። እኔም፣ እውነቴን ነው፣ ንዴቴ ሲበዛብኝ እሱን እያሰብኩ ነበር የምተኛው።

ባለፈው ስልኬ ላይ «ተመልሰናል!» የሚል መልእክት መጣ። ያው አየር መንገድ፣ ያው ዛንዚባር፣ ሰማያዊ ውሃ ያለበት ፎቶ። ቆሽቴ አረረ። ሱቁን ዘግቼ ጎሬ ወጣሁ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ መናገርም አልፈለግሁም፣ ዝም ማለትም አልቻልኩም። እትዬ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ትንፋሼን ሰምተው፣ «ማን ደግሞ አናደደሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አየር መንገዱን ረገምኩ፣ ያን ሱፍ ለባሽ ረገምኩ፣ ያጨበጨበ እጄን ረገምኩ። ሲደክመኝ፣ ሰው ሁሉ እንደሚለው አልኩ። «ቢሆንም እትዬ፣ ጥሩ አደረጉ። ይኸው ልጅ ሰጠዎት።»

«ልጅቷ ጥሩ ናት። እግዜር ይስጣት» አሉ። ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ፤ ልጅቷ እንደሌለች በጆሯቸው አረጋገጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መሄድ ነበረብኝ» አሉኝ።

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። «ምን አሉኝ?»

«መሄድ ነበረብኝ። ያለ እኔም ትቀበር ነበር። አፈሩን የሚመልስ ሰው መች ጠፋ? ያን ዕለት ገና አይ ነበር። ጥርት አድርጌ አይ ነበር!» ጉልበታቸውን በቡጢ መቱ። «ጋቢ ሸለሙኝ። በጋቢው ምን ልይበት? ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው የቀረሁት። ለእሷ አዝኜ አይደለም፤ አላዘንኩላትም። ይሄን ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

እኔ ያን ሁሉ ጊዜ አየር መንገዱን ስረግም እሳቸው ለካ ራሳቸውን ነበር የሚረግሙት፤ ያውም ብቻቸውን፣ ከተማው ሁሉ እያመሰገናቸው። እጃቸውን ልይዝ ስል የአጥሩ በር ተከፈተ።

«እትዬ፣ ቅዳሴው ሊገባ ነው፣ እንሂድ?» አለች ልጅቷ።

እትዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተነሱ። «መጣሁ፣ የኔ ልጅ» አሉና እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘረጉ።